ለአባቴ አጫጭር መጻሕፍት የመረጠችው ተከራይ

ለአባቴ መጽሐፍ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ይህን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፤ ይነጥቀኛል ብዬም አስቤ አላውቅም።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። መርሐቤቴ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ትምህርት ፍለጋ ወጥተው፣ በመጨረሻ መንዝ ውስጥ ለመሐል ሜዳ ቅርብ በሆነ ደብር ጉባኤ ዘርግተው ስንቱን ተማሪ ለመምህርነት አበቁ። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ወንበሩን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀቁና ከተማው ዳር ካለው የድንጋይ ቤታችን ገቡ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደጃፍ ላይ የሱፍ ባናቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። መጽሐፍ ሲሰጧቸው ገጹን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና፣ "ጉም ነው" ብለው ይመልሱታል።

እኔ ያን ጊዜ ሞላሌ አማርኛ አስተምር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ቅዳሜ ማለዳ የተገኘው አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አይጠፋም። እኔ መጽሐፍ ወፍራም ሲሆን ደስ ይለኛል። ገና ብዙ እንደቀረ በእጅ ሲመዘን የሚሰጠው ደስታ አለ፤ ያንን ለአባቴም ማካፈል ፈለግሁ። አንዱን ልብ ወለድ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ አነበብኩላቸው። በየቅዳሜው አንድ ምዕራፍ፣ ከበዛም ሁለት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አልፎ አልፎ ያቋርጡኛል።

"ያ ሰውዬ ማን ነበር?"

"የትኛው?"

"ያ ፈረስ የነበረው።"

"እሱማ ሞተ፣ አባባ።"

"መቼ?"

"ባለፈው ቅዳሜ።"

"ነፍስ ይማር" ይሉና እንደገና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ በሌለሁበት በሳምንቱ ውስጥ የዚያን ሁሉ ሰው ስምና ዘመድ ተሸክመው መክረም እንደሚከብዳቸው አላሰብኩም። ብቻ ከእኔ በቀር የሚያነብላቸው እንደሌለ አውቅ ነበር፤ ያም ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም ላይ እናቴ በር አጠገብ ያለችውን ክፍል አከራየች። ተከራይዋ አዲስ የተመደበች የታሪክ መምህርት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው። ይህን ከሞላሌ ሳልነሳ ሰምቼ ነበር፤ አዲስ ነገር አልሆነብኝም፤ መምህር ሁሉ የሚኖረው በኪራይ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስመጣ ግን ገና ከአጥር ውጭ ሆኜ የአባቴን ሳቅ ሰማሁ። አባቴ የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ፈገግታቸውን እንኳ ጢማቸው ውስጥ ይደብቁታል። ያን ቀን ግን ከልባቸው፣ እያሳላቸው ነበር የሚስቁት።

ስገባ እሷ እኔ ከምቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከእጄ መዳፍ የማይበልጥ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ ታነባለች። አሮጌ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ይሄዱና፣ ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ይጣላሉ። መጨረሻ ላይ ባልና ሚስቱ ተባብረው ሽማግሌዎቹን ያስታርቃሉ። አባቴ በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ለሽምግልና ተጠርተው እንደሚያውቁ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

እኔን ስታይ ተነሣች። "መጣሽ? ስላንቺ ሲነግሩኝ ነው የሰነበቱት። ይቅርታ፣ ቦታሽን ያዝኩብሽ።"

በርጩማውን ማለቷ ነበር። እኔ ግን ቃሉ ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ።

"የኔታ" ነበር የምትላቸው። ተማሪዎቻቸው እንደሚሏቸው። የት እንደለመደችው አላውቅም፤ ግን አባቴ ያን ስም ወንበራቸውን ከለቀቁ ወዲህ በየቀኑ የሚጠራቸው ሰው አልነበራቸውም። እሷ "የኔታ" ስትል ወገባቸው ቀና ሲል አየሁ።

ምሳ ላይ እኔ ነገሩን አነሣሁት። "አጫጭር ነገር ነው የምትወጂው?"

"ረጅሙንም እወዳለሁ" አለች። "ግን የኔታ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሰዎቹን ሁሉ ይዘው መቆየት አለባቸው። በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ቢሆን፣ ጀምረውትም ጨርሰውትም ያድራሉ ብዬ ነው።"

"አጭር ነገር የልጅ ነው" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። የማስተምረውን ሰው ሁሉ በአጭሩ ጀምሩ የምል እኔው ነኝ።

አባቴ እንጀራውን ጠቅልለው እንደያዙ ቆም አሉ። "ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት" አሉ። "ሁለት ቤት ነው፤ ግን ሰውን ሁለት ቀን ያስባዝናል። የልጅ ነው?"

እንጀራ ቆረስኩ።

"አንቺ የምታመጪው ጥሩ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው። "ግን ድግስ ነው። እኔ አሁን የሚስማማኝ ቆሎ ነው።"

እናቴ ሳቀች። ተከራይዋ አልሳቀችም፤ ወደ ሳህኑ አጎነበሰች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ስመጣ የሳምንቱን ንባብ የምሰማው ከአባቴ አፍ ሆነ። ሰኞ ስለ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ሰምተዋል። የሩሲያ ሰው የጻፈው ነው ተብለዋል። ቀዛፊው በጎርፍ ጊዜ ጠላቱን ያሻግራል፤ ወንዙ መሐል ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ታንኳው ዳር ሲነካ ታሪኩ ያበቃል። ምን እንደተደራረጉ አይነገርም። አባቴ ይህን ሲተርኩልኝ እጃቸው መቅዘፊያውን እንደያዘ ሆኖ ይወዛወዛል። "አየሽ፣ መሬት አስነካውና ተወው" ይላሉ። "የቀረውን ለኔ ተወልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስገድላቸውና ሳስታርቃቸው አደርኩ።" ረቡዕ ደግሞ ሌላ ሰምተዋል። አርብ ሌላ። የሚተርኩልኝ እኔ ራሴ ያላነበብኩትን ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ አባቴ ከዓይን ብርሃናቸው ጋር ተጣልተው ባሉበት ከእኔ በላይ አንብበው ይጠብቁኛል። ያነበበችላቸው ደግሞ እሷ ናት።

ለእሳቸው ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ የሚያነበውን እሷን መጠየቅ ጀመረ። የጤና ጣቢያው ነርስ ይመጣል፤ ባለሱቁ ይመጣል፤ ከፍርድ ቤት አንዲት ጸሐፊ ትመጣለች። እሷ መጽሐፉን ወዲያው አትሰጥም። መጀመሪያ ታስቀምጣቸዋለች። "ሰሞኑን እንዴት ነህ? እንቅልፍ አለህ? ከማን ጋር ነው የምትኖረው?" ትላለች፤ ከዚያ ገብታ ከሣጥኗ አንድ ቀጭን ነገር ይዛ ትወጣለች። "ይህን ዛሬ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብለህ ጨርሰው። ካልጣመህ መልሰው፤ አልቀየምም።" አዲስ አበባ ሳለች ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች አንድ በአንድ የለቀመቻቸው ናቸው፤ ግማሾቹ ሽፋን የላቸውም። አባቴንም ሳትጀምር በፊት "ዛሬ ምን ይመስላሉ፣ የኔታ?" ትላቸዋለች። ያዘኑ እንደሆነ አንዱን፣ ጉልበታቸውን ያመማቸው እንደሆነ ሌላውን ታነባለች። እኔ ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። እኔ የምጠይቃቸው "የት ጋ ነበር ያቆምነው?" ብዬ ነው።

ሞላሌ ስመለስ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት በርብሬ ቀጭን ቀጭኑን ሁሉ አወጣሁ። የምመርጠው በውፍረቱ ብቻ ነበር። ከመካከላቸው አንዱን፣ ስለ አንዲት የነጋዴ ልጅ የሚተርከውን፣ ይዤ መጣሁ። ተከራይዋ ገበያ ወጥታለች፤ በርጩማው ነጻ ነው። ድምፄን አሳምሬ አነበብኩ። ልጅቷ ባሕር ማዶ ልትሄድ ስትነሣ ታሪኩ ሕልም ሆኖ ያልቃል።

አባቴ ትንሽ ጠበቁ። "አለቀ?"

"አዎ፣ አባባ። አጭር ነው።"

"ይሄ አጭር አይደለም" አሉ። "የተቆረጠ ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"አጭሩ ሲያልቅ ያንቺ ይሆናል። የተቆረጠው ሲያልቅ፣ ቀሪውን ማን ወሰደው ትያለሽ።"

ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እናቴ ገብስ ታምሳለች። ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሣ፣ "ምነው ፊትሽ እንደ ሐምሌ ሆነ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ቅናት ነው።"

"በተከራይ?"

"በተከራይም ይቀናል" አለች። "እኔ እሳቸውን ካገባሁ ጀምሮ በቅኔ ስቀና ነው የኖርኩት። በሴት ብቀና እንኳ ጸጉሯን እነጭ ነበር።"

ሁለታችንም ሳቅን፤ ለእኔ ግን አልለቀቀኝም። ቅናቴ ደግሞ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ብትኮራብኝ፣ ብታሾፍብኝ፣ እንደ አዋቂ ብታስተምረኝ ቀላል ነበር። እሷ ግን እሑድ ስሄድ እስከ መኪናው ሸኘችኝና ያንን የታንኳ ቀዛፊውን ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ እጄ ላይ አኖረችው። "ለመንገድ ነው" አለች። "መኪናው ሞላሌ ሳይደርስ ያልቃል።"

አይሱዙው ላይ ከገብስ ጆንያ መሐል ተቀምጬ አነበብኩት። እንከን ልፈልግበት ነበር የገለጥኩት። ታንኳው ዳር ሲነካ መኪናችንም ቆመ፤ ሰው ሊያወርድ ነው፤ እኔ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ። እንደዚያ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም ነበር። በመውደዴ ነደደኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ "እንዴት አገኘሽው?" ስትለኝ "ደህና ነው" አልኳት፤ ከዚያ በላይ ከአፌ አልወጣም።

ተማሪዎቼ ግን ጠቀማቸው። ያንኑ ታሪክ ክፍል ውስጥ አነበብኩት፤ መጽሐፍ ሲያዩ የሚያዛጉት ልጆች ሁሉ ደወል ተደውሎ አልነሣ አሉ። በመምህራን ግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ፣ አጫጭርና ተስማሚ ጽሑፎችን መርጣ በማቅረቧ ልትመሰገን ይገባል አለ። "የአባቴ ቤት ተከራይ ነች የመረጠችው" አልኩ። እውነቱን ተናግሬ እንደዚያን ቀን መሮኝ አያውቅም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ አርብ ትምህርት ቀድሞ ተለቀቀና ሳልጠበቅ ቤት ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ እንደ ጥንቱ፣ ጉባኤ ላይ እንደነበሩት፣ "በይ ድገሚው" ሲሉ ሰማሁ። እሷ በግዕዝ ሁለት ቤት አለች። ሁለተኛው ቤት ላይ ተሰናከለች። አባቴ አንዱን ቃል አንሥተው በሌላ ተኩላት፤ መልሳ አለችው። አሁን ሞላ። "እሰይ" አሉ።

ጉባኤ ቃና እያስተማሯት ነበር።

ቦርሳዬን እንደያዝኩ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ያደግሁት በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። ልጅ ሳለሁ ያ ሁሉ የጎጃም፣ የወሎ፣ የግሼ ተማሪ ጓሯችን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥርና ሲዘርፍ እኔ ቆሎና ውሃ አቀብል ነበር። ሴት ልጅ ቅኔ አትማርም ያለኝ ሰው የለም። ተማሪ ያለኝም የለም። እንደ ዝናብ ድምፅ ከውጭ የሚሰማ ነገር ሆኖ አለፈ። አሁን ግን መስከረም የገባች ተከራይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ ከአባቴ አፍ ትቀበላለች። የመጽሐፉን ቅናት እስከዚያች ቀን ድረስ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ምንም አልነበረም።

በማግሥቱ አባቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። እሳቸው በትራቸውን፣ እኔ ክንዳቸውን ይዘናል። መንገድ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም።

"አባባ፣ እኔን ለምን አላስተማሩኝም?"

"ምኑን?"

"ቅኔውን።"

ቆሙ። ያ ጉም የያዘ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ልጅዎት ነኝ። መጠየቅ ነበረብኝ?"

"ተማሪ ሁሉ አገሩን ጥሎ፣ ውሻ እየነከሰው መጥቶ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ነው የጠየቀኝ" አሉ። "ደጅ የቆመ ይታያል። አንቺ ከውስጥ ነበርሽ። ከውስጥ ያለ ሰው ምን እንደሚፈልግ አልታየኝም። ያን ጊዜ ደግሞ ዓይኔ ደህና ነበር።"

ይህን ብለው መራመድ ጀመሩ። ያኔ "እንግዲያው አሁን ያስተምሩኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እሷ ከጀመረችው ላይ ሁለተኛ ሆኜ መቀመጥ አልፈለግሁም።

ከፋሲካ በኋላ የዓይን ሐኪሞች ለነጻ ሕክምና ደብረ ብርሃን መጥተዋል ተባለ። የሰማችው እሷ ናት፤ ከጤና ጣቢያው ነርስ። ያስመዘገበችውም እሷ ናት። ለእኔ በሾፌር መልእክት ደረሰኝ፤ ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ሞላሌ ሲያልፍ እንድሳፈር። መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ። አውቶቡሱ ሲቆም አባቴ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። እሳቸው ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እንዳትቀሰቅሳቸው እየተጠነቀቀች ልትነሣልኝ ሞከረች።

"ተይው፤ ይተኙ" አልኳትና ከኋላቸው ተቀመጥኩ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ የአባቴን ቆብና የእሷን ሻሽ እያየሁ ሄድኩ።

ሐኪም ቤቱ ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ በመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሞልቷል። አባቴ በዚያው ቀን ተራ ደርሷቸው ሞራው ተገፈፈላቸው። ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲወጡ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ እንደ እሳቸው ከተሸፈኑት ጋር፣ አስቀመጧቸው። ሁሉም ዝም ብሏል። ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ብዙ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር፤ አያወራም፤ ይፈራል።

እሷ ከቦርሳዋ ያንን የሽማግሌዎቹን ተውኔት አውጥታ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ አባቴ ሳቁ። ቀጥሎ ጎናቸው ያሉ አንድ የግሼ ገበሬ። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉ ሙሉ ይስቃል፤ ሐኪሞቹ "ዓይናችሁን አታንቀሳቅሱ፣ ቀስ በሉ" እያሉ ይገባሉ። ግን መንገድ ላይ ብርድ መቷት ነበርና መሐል ላይ ድምፅዋ ተዘጋ። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አልሆነም። መጽሐፉን ወደ እኔ ዘረጋችው።

ተቀብዬ አነበብኩ። አንዱን ሽማግሌ በወፍራም፣ ሌላውን በቀጭን ድምፅ አደረግሁት። ሳቁ አልተቋረጠም። የግሼው ገበሬ ወደ አባቴ ዘንበል ብለው፣ እንደማይሰማ መስሏቸው፣ "ይህቺ የምታነበው ማን ናት?" አሉ።

"ልጄ ናት" አሉ አባቴ።

"ፊት ስታነብ የነበረችውስ?"

"እሷም ልጄ ናት። ይህቺ የወለድኳት፣ ያቺ የመጣችልኝ።"

የማነበው መስመር ጠፋኝ። ጣቴን ገጹ ላይ አስኬጄ ፈልጌ አገኘሁትና ቀጠልኩ። ያቺ የመጣችልኝ ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ደስታ እስካሁን ይሰማኛል። መወለድ ሥራ አይደለም፤ መምጣት ግን ሥራ ነው። ያን ቀን እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመምኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ጨርቁ ተነሣ። ሐኪሟ መጋረጃውን በመጠኑ ከፈተች። ሁለታችንም ፊታቸው ቆመናል፤ እሷ ትቀርባለች፤ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ብዬ ከጎኗ ነኝ። አባቴ ዓይናቸውን አርገበገቡ። እንባቸው ወረደ። ከዚያ እሷን ትኩር ብለው አዩና፣

"አንቺ ማነሽ?" አሏት።

እሷ ፈገግታዋ እዚያው ቆመ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ ፊቷን አይተው አያውቁም። እሷ ስትመጣ ዓይናቸው ከተያዘ ቆይቷል። በትከሻዋ በኩል አሻግረው ወደ እኔ ተመለከቱ።

"አንቺማ ከስተሻል" አሉኝ። "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽ?"

ፊቴን ያውቁታል። ሕፃን ሆኜ ያውቁታል፤ ጥርሴ ሲወልቅ ያውቁታል። ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ እሷ የሌላት አንድ ነገር እጄ ገባ። ሸክም ወረደልኝ። ግን ወዲያው ፊቷን አየሁት፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች።

"ድምፅሽን አሰሚያቸው እንጂ" አልኳት።

"የኔታ" አለች በተዘጋ ጉሮሮዋ።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉላት። "አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ ደግሞ ረጅም ትመስይኝ ነበር" አሉና ሦስታችንም እያለቀስን ሳቅን።

ቤት ከተመለስን በኋላ መነጽር ተሰጣቸውና ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። ቅዳሜ ስመጣ እጃቸውን ከፍ አድርገው "ቆዪ፣ ይህችን ልጨርስ" ይሉኛል። እሷንም እንደዚያው። ሁለታችንም ከማንበብ ሥራችን ተሰናበትን። ማድ ቤት ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ገብስ እንለቅማለን። መጻሕፍት የምናወራው ያን ጊዜ ሆነ። እሷ አንዱን ታነሣለች፤ እኔ አልስማማም፤ እናቴ ፈራጅ ትሆናለች። ጓደኛሞች ሆንን ልል እችላለሁ፤ ግን ከአባቴ ጋር ብቻዋን ስትነጋገር ባየኋት ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

ክረምት ላይ ልታገባ ነውና ወደ ናዝሬት ተዛወረች። ስትሄድ መጽሐፏን ሁሉ ለአባቴ ተወችላቸው። ለእኔ ሻሽ ሰጠችኝ። ጥሩ ሻሽ ነው፤ ለብሼዋለሁ። ግን መጻሕፍቱ ለእሳቸው፣ ሻሹ ለእኔ መሆኑን አልረሳሁትም።

እሷ ከሄደች በኋላ፣ በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ አባቴ ደጃፍ ላይ ሲያነቡ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። አልተቀመጥኩም።

"ምነው?"

"ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አልኩ። "ቅኔ ያስተምሩኝ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። መጽሐፋቸውን ከደኑ። "ቁጭ በይ" አሉኝ መጨረሻ ላይ።

ከግሱ ጀመርን። ከበደኝ። የእኔ ጭንቅላት ሰፊ ነገር የለመደ ነው፤ ሁለት ቤት ላይ ሲጨመቅ ይታፈናል። አባቴ ታጋሽ ነበሩ፤ ብቻ አልፎ አልፎ ሳይታወቃቸው፣ "እሷ በዚህ ጊዜ ቤት መምታት ጀምራ ነበር" ይላሉ። ያን ቀን የሚሰጡኝን ሁሉ በቁጭት ሸምድጄ አድራለሁ። ካስተማረኝ ትዕግሥታቸው ይልቅ ይህቺ ቃላቸው ትበልጣለች።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሲያርፉ ለቅሶው ላይ ከናዝሬት መጣች። ልጆች ወልዳለች፤ ወፍራለች። "የኔታ፣ የኔታ" እያለች ስትገባ ሰው ሁሉ ቆመላት፤ የማያውቋት ለቀስተኞች የበኩር ልጃቸው መስላቸው እሷን ቀድመው አጽናኑ። እኔ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ አየሁ። በለቅሶ ላይም ይቀናል ለካ።

ሰው ቀለል ሲል ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች።

"መጨረሻ ላይ ምን ያነቡ ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት። ደብረ ብርሃን ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ያገኘሁት፣ ሽፋን የሌለው ነው፤ ጥቂት ገጽ። አንድ ሰው አብራው ያረጀችውን በቅሎ ገበያ ወስዶ ይሸጣል፤ ልጓሟን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቃ። አባቴ በመጨረሻው ዓመታቸው ትራሳቸው ሥር አኑረውት ነበር፤ መጥቶ ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ይህን አንብብልኝ" ይሉ ነበር፤ ማንበብ አቅቷቸው ሳይሆን፣ ሲነበብ የሰውን ፊት ለማየት።

"እኔ አላውቀውም" አለች።

"እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው።"

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ከንፈሯ ትንሽ ጠበበ፤ ዓይኗ ሸሸ። ያንን መልክ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ስንት ቅዳሜ ተሸክሜው ተመላልሻለሁ።

"ታውሽኛለሽ?" አለችኝ።

ገብቼ ከአባቴ ትራስ ሥር አምጥቼ ሰጠኋት። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ ለቀስተኛው እየወጣና እየገባ አነበበችው። ስትጨርስ ዘግታ ጭኗ ላይ አኖረችውና በለሆሳስ አንድ ነገር አለች። ምን እንዳለች ጠጋ ብዬ ልስማ ስል፣ እናቴ ለሰው ንፍሮ አቅርቢ ብላ ጠራችኝ።